የቢትኮይን ማሽን በኮምቦልቻ ቤት፦ ሶኬቱ ለምን ይግላል? ሙቀቱስ በየት ይውጣ?

የቀረበው ጥያቄ ባጭሩ እንዲህ ነው። ጠያቂው የኮምቦልቻ ነዋሪ ሲሆኑ፣ ከጓደኛቸው ያገለገለ አንትማይነር ኤስ9 የተባለ የቢትኮይን ማሽን ከነፓወር ሰፕላዩ (ከኃይል መስጫው) ገዝተው ከዋናው ቤት በስተጀርባ ባለች፣ ኮርኒስ በሌላት የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ አስቀምጠውታል። ማሽኑ ኃይል የሚያገኘው ከማድ ቤት ከተሳበ መስመር ባለ ብዙ ሶኬት ማከፋፈያ በኩል ነው፤ በዚያው መስመር ላይ የእንጀራ ምጣድና ፍሪጅ አሉ። ማሽኑ ከቀትር በኋላ ሥራ ያቆማል፣ አመሻሽ ላይ ደግሞ እየጠፋ ይነሳል፣ ሶኬቱም እጅ አላስነካ እስኪል ድረስ ይግላል። «ቮልቴጅ የሚያስተካክል ስታቢላይዘርና አየር ማቀዝቀዣ ኤሲ ልግዛ? ወይስ ደሴ ብርዳም ስለሆነች ማሽኑን ወደ እናቴ ቤት ልውሰደው? ኤስ19ጄ ፕሮ የሚባል ከፍ ያለ ማሽን በቅናሽ አግኝቻለሁና እሱንስ ልጨምር?» ይላሉ።

ከሁሉ አስቀድመው ማሽኑን ዛሬውኑ ያጥፉት፤ መስመሩ እስኪስተካከልም አያብሩት። ከዘረዘሯቸው ችግሮች መካከል ሊጠብቅ የማይችለው የሶኬቱ መጋል ነው። ከሰዓት በኋላ መቆሙና አመሻሽ ላይ መጥፋቱ ገንዘብ ያሳጣል፤ የጋለ ሶኬት ግን በጭቃና በእንጨት ወይም በቺፑድ ግድግዳ ላይ ሲሆን ቤት ያቃጥላል።

ኤስ9 ከፓወር ሰፕላዩ ብክነት ጋር ከግድግዳው 1,400 ዋት ገደማ ይስባል። ይህ በ220 ቮልት ሲካፈል 6.4 አምፔር ስለሚሆን፣ ብዙ ሰው «ምጣዴ ከዚህ እጥፍ በላይ እየሳበ ምንም አልሆነም» ብሎ ይዘናጋል። ልዩነቱ ያለው በጊዜው ላይ ነው። ምጣድ እንጀራው እስኪያልቅ ሠርቶ ይጠፋል፤ የሽቦው መጋጠሚያም፣ የሶኬቱ ናስም እስከሚቀጥለው ጋገራ ድረስ ይበርዳሉ። ማሽኑ ግን ሌት ከቀን፣ ሳምንት ከሳምንት ያንኑ አምፔር ሳያቋርጥ ስለሚስብ፣ መጋጠሚያው አንዴ ከጋለ የሚበርድበት ጊዜ የለውም። የላላ ወይም የዛገ መጋጠሚያ ግማሽ ኦም ያህል የኤሌክትሪክ ተቃውሞ (ሬዚስታንስ) ቢኖረው፣ 6.4 አምፔር ሲያልፍበት 20 ዋት ያህል ሙቀት በዚያች በአንዲት ነጥብ ላይ ይፈጠራል፤ ይህም እርሳስ የሚያቀልጥ ትንሽ የመበየጃ ብረት በሶኬቱ ውስጥ ሌት ተቀን እንደ መሰካት ነው። ሙቀቱ የናሱን ስፕሪንግ ያላላዋል፣ ገጽታውንም ያጠቁረዋል፤ ተቃውሞው በዚያው ልክ ይጨምራል፣ ሙቀቱም መልሶ ያድጋል። ስለዚህ የጋለ ሶኬት በራሱ አይሻለውም፤ ብሎኑን አጥብቆ መቀጠልም አይበቃም፣ ሶኬቱና የተቃጠለው የሽቦ ጫፍ ሁለቱም መቀየር አለባቸው።

ብሬከሩ ይህን አደጋ እንደማያይ ልብ ይበሉ። ብሬከር የሚቆጥረው የሚያልፈውን አምፔር ነው፤ 6.4 አምፔር ደግሞ ለ16 አምፔር ብሬከር ጤናማ ጭነት ነው። መጋጠሚያው እየነደደም ቢሆን ብሬከሩ ምንም ጥፋት አይታየውም። በኮምቦልቻ ፋብሪካዎች የኃይል ሳጥኖችን በምንፈትሽበት ጊዜ ከሁሉ አብልጠን የምንከታተለው የተርሚናሎችን ሙቀት የሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ለቤትም ቢሆን ከዚህ የተለየ ሕግ የለም።

ለማሽኑ የራሱ መስመር ያስፈልገዋል። ከዋናው ብሬከር ሳጥን የሚነሳ፣ ከምጣዱም ከፍሪጁም ጋር የማይገናኝ፣ ባለ 2.5 ስኩዌር ሚሊሜትር የመዳብ ሽቦ በራሱ ባለ 16 አምፔር ብሬከር ይሳብለት። ለመብራት የተዘረጋ ባለ 1.5 ሽቦ ላይ በምንም ምክንያት አይቀጥሉት። ያለማቋረጥ ለሚሠራ ጭነት የሚሠራበት ልማድ ከብሬከሩ አቅም ከ80 በመቶ አለማለፍ ነው፤ ይህም ለ16 አምፔር ብሬከር 12.8 አምፔር ማለት ስለሆነ ኤስ9ን በሰፊው ይችለዋል። ማከፋፈያው ፈጽሞ ይወገድ። በገበያ ላይ ከሚገኙት ማከፋፈያዎች ብዙዎቹ በላያቸው የተጻፈውን አምፔር ለረጅም ሰዓት አይችሉም፤ ውስጣቸው ያለው ቀጭን ናስም በግድግዳ ሶኬት ላይ ከምናየው የባሰ ደካማ ነው። ባለ ብዙ ክር ሽቦ የሚጠቀሙ ከሆነ ጫፉ በብሎን ከመጠበቁ በፊት የብረት ቆብ ይልበስ፤ ኤሌክትሪሽያኑም ከአንድ ሳምንት ሥራ በኋላ ኃይል አቋርጦ ተርሚናሎቹን ዳግም ያጥብቅ፤ መዳብ እየጋለና እየበረደ ሲሄድ በብሎኑ ሥር ይላላልና። ከምሰሶው የሚመጣው ሽቦ አሉሚኒየም፣ የቤቱ ደግሞ መዳብ የሆነበትና ሁለቱ በእጅ ተጠማዘው ብቻ የተጋጠሙበት ቤት ብዙ ነው። ያ መጋጠሚያ ቀድሞ ከሚቃጠሉት አንዱ ነው፤ ነገር ግን ከቆጣሪው በፊት ያለው የኤሌክትሪክ አገልግሎቱ ንብረት ስለሆነ እርስዎ ሳይነኩት በዲስትሪክቱ ቢሮ በኩል ትክክለኛው ማያያዣ እንዲገባለት ያመልክቱ።

ስለ ኧርዝ (የመሬት ሽቦ) በጥያቄዎ አላነሱም፤ እኔ ግን ሳላነሳው ማለፍ አልችልም። የማሽኑን የአሉሚኒየም አካል በእጅዎ ጀርባ ሲነኩ የመንዘር ስሜት ካለው፣ ቤትዎ የመሬት ሽቦ የለውም ወይም ተቋርጧል ማለት ነው። በፓወር ሰፕላዩ መግቢያ ላይ ያሉት የማጣሪያ ካፓሲተሮች ከፌዝ (ኃይል ከሚያመጣው ሽቦ) እና ከኒውትራል (ከመመለሻው ሽቦ) ወደ አካሉ የተያያዙ በመሆናቸው፣ ኧርዝ በሌለበት አካሉ በ110 ቮልት ገደማ ላይ ይንሳፈፋል። አምፔሩ ጥቂት ስለሆነ ጤነኛ ሰው ላይ ከመንዘር አያልፍም፤ ነገር ግን በፓወር ሰፕላዩ ውስጥ እውነተኛ ብልሽት በሚደርስበት ቀን ያው አካል ሙሉውን 220 ቮልት ይዞ ልጅ ወይም ሠራተኛ ይጠብቃል። የመዳብ ዘንግ እርጥበት በማይለየው ቦታ ተቀብሮ በአረንጓዴና ቢጫ ሽቦ እስከ ሶኬቱ ይድረስ፤ ኤሌክትሪክ ወደ መሬት ሲፈስ የሚቆርጥ ብሬከርም ቢጨመርበት ወጪው ያስቆጨዎታል ብዬ አላምንም። ኒውትራልን ከኧርዝ ጋር በሶኬቱ ላይ ማገናኘት አንዳንድ ቦታ የሚታይ «መፍትሔ» ነው፤ ኒውትራሉ ከምሰሶው በተበጠሰ ጊዜ ማሽኑን በሙሉ ባለ ፌዝ ስለሚያደርገው እጅግ አደገኛ ነው።

አሁን ወደ ማሽኑ መቆም እንምጣ። የቀትር በኋላው መቆምና የምሽቱ መጥፋት በአንድ ስም ቢጠሩም ሁለት የተለያዩ በሽታዎች ናቸው፤ ለየብቻቸው ካልታዩ ደግሞ ለአንዱ መድኃኒት ገዝተው ሌላውን እንደያዙ ይቀራሉ። መለያው ቀላል ነው። ማሽኑ ሲቆም በስልክዎ ወይም በኮምፒውተርዎ የማሽኑን መቆጣጠሪያ ድረ ገጽ ለመክፈት ይሞክሩ። ገጹ ከተከፈተ፣ ሥራ ላይ የቆየበት ሰዓት ካልተቋረጠና በመዝገቡ ላይ የሙቀት መከላከያ መሥራቱ ከተጻፈ፣ የቆመው በሙቀት ነው፤ መቆጣጠሪያ ቦርዱ ነቅቶ ሃሽቦርዶቹን (የስሌት ቺፖቹን የተሸከሙትን ቦርዶች) ብቻ አጥፍቷቸዋል። ሰዓቱ ወደ ዜሮ ተመልሶ እንደገና መቁጠር ከጀመረ ግን ኃይሉ ራሱ ተቋርጧል፤ ማለትም ፓወር ሰፕላዩ በቮልቴጅ ማነስ እየጠፋና እየተነሳ ነው። በገለጹት ሁኔታ የቀትሩ የመጀመሪያው፣ የምሽቱ ሁለተኛው እንደሚሆን እገምታለሁ፤ ሆኖም ገጹን አይተው ያረጋግጡ።

ምሽት ሁሉም ቤት መብራትና ምጣድ በሚያበራበት ሰዓት ቮልቴጁ ይወርዳል። እዚህ ላይ ማሽኑ ከምጣዱ በተቃራኒ ይሠራል። ቮልቴጁ ከ220 ወደ 180 ሲወርድ ምጣድ የሚስበው አምፔርም አብሮ ስለሚቀንስ ኃይሉ ወደ ሁለት ሦስተኛ ይወርዳል፣ እንጀራውም ዓይን አያወጣም እንጂ ሽቦው ይቀለዋል። የማሽኑ ፓወር ሰፕላይ ግን የተሠራው ለቦርዶቹ ቋሚ ኃይል እንዲሰጥ ስለሆነ፣ ቮልቴጁ በወረደ ቁጥር የጎደለውን ለመሙላት አምፔሩን ይጨምራል፦ 6.4 የነበረው 7.8 ይሆናል። ያም በሽቦው ላይ ያለውን የቮልቴጅ መውደቅ ይጨምራል፣ ሶኬቱንም ያግለዋል። ከኤስ9 ጋር የሚመጣው ኤፒደብሊው3 ፕላስ ፕላስ የተባለው ፓወር ሰፕላይ ሙሉ የ1,600 ዋት አቅሙን የሚሰጠው ከ205 ቮልት በላይ ሲያገኝ ብቻ ነው። ስለዚህ በመልቲሜትር ማሽኑ እየሠራ ሳለ፣ ከሶኬቱ ላይና ከዋናው ብሬከር ሳጥን ላይ፣ በምሽቱ ከባድ ሰዓት ይለኩ። ሳጥኑ ላይ 215፣ ሶኬቱ ላይ 200 ካገኙ ጥፋቱ የቤትዎ ሽቦ ነው፤ አዲሱ መስመር ብቻውን ይፈታዋል፣ ስታቢላይዘር መግዛትም አያስፈልግዎትም። በትክክለኛ ባለ 2.5 ሽቦ 20 ሜትር ርቀት ላይ ኤስ9 የሚያወርደው 2 ቮልት እንኳን አይሞላም። ሳጥኑ ላይ ራሱ 190 ከሆነ ግን ችግሩ ከትራንስፎርመሩ ወዲህ ያለው የመንደሩ መስመር ነው።

በዚህ ሁለተኛ ሁኔታ ብቻ ስታቢላይዘር ትርጉም ይኖረዋል፤ ሲገዙም በላዩ የተጻፈውን ኪሎ ቮልት አምፔር (የሚችለውን ጭነት) አምነው አይግዙ። ለ1,400 ዋት ማሽን ቢያንስ እጥፉን፣ 3 ኪሎ ቮልት አምፔር የሚል ይምረጡ፤ የመግቢያ ቮልቴጁ በወረደ መጠን የሚችለው ጭነትም ይቀንሳልና። በሞተር የሚሠራው ዓይነት ቀስ ብሎ ስለሚያስተካክል፣ በሪሌይ ከሚሠራውና በየደረጃው ቀጭ እያለ ከሚዘለው ይልቅ ለማሽኑ ይመቻል። ስታቢላይዘሩ ራሱ ሙቀት ያወጣልና ማሽኑ ሙቅ አየር በሚተፋበት አቅጣጫ አይቀመጥ።

ከስታቢላይዘር ይልቅ ለሁሉም ቤት ያለማመንታት የምመክረው ከሱ እጅግ የሚረክሰውን፣ ለፍሪጅ የሚሸጠውን የቮልቴጅ መከላከያ ነው፤ የሚችለው አምፔር ለማሽኑ የሚበቃ መሆኑን ብቻ ያረጋግጡ። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ቮልቴጁ የሚናጥበት ጊዜ ነው፤ ይህ ዕቃ ኃይሉ እስኪረጋ 3 ወይም 5 ደቂቃ አቆይቶ ስለሚለቅ ፓወር ሰፕላዩን ከአብዛኛው ሞት ያድነዋል። በባትሪና ኢንቨርተር ማሽኑን በጠፋ መብራት ለማሠራት ግን አይሞክሩ። ባለ 12 ቮልት 100 አምፔር ሰዓት የእርሳስ ባትሪ ጉዳት ሳይደርስበት ግማሹ፣ ማለትም 600 ዋት ሰዓት ብቻ ቢወሰድ፣ ኤስ9ን ግማሽ ሰዓት እንኳን አያቆየውም። ባትሪው ለራውተርዎ ይሁን።

ሁለተኛው ትልቅ ጉዳይ ሙቀት ነው፤ እዚህ ላይ የብዙ ሰው ሐሳብ ከሥሩ የተሳሳተ ነው። ማሽኑ ከሶኬቱ የሚወስደው እያንዳንዱ ዋት፣ አንዱም ሳይቀር፣ በመጨረሻ ሙቀት ሆኖ ክፍሉ ውስጥ ይወጣል። ስሌት ሠራ፣ አልሠራ፣ ቢትኮይን አገኘ፣ አላገኘ ለሙቀቱ ልዩነት የለውም። 1,400 ዋት የሚስብ ማሽን 1,400 ዋት ማሞቂያ ነው። 3 ሜትር በ4 ሜትር የሆነችና ቁመቷ 2.5 ሜትር የሆነች የተዘጋች ክፍል፣ ግድግዳዋ ሙቀት ባይጠጣ ኖሮ አየሯ በየደቂቃው በ3 ዲግሪ ይጨምር ነበር። ስለዚህ ጥያቄው «እንዴት ላብርደው?» ሳይሆን «ሙቀቱን በየት አስወጣዋለሁ? በምትኩስ የሚገባው አየር ከየት ይመጣል?» መሆን አለበት።

የሚያስፈልገውን አየር ማስላት ይቻላል። ወደ ማሽኑ በሚገባውና ከማሽኑ በሚወጣው አየር መካከል የ10 ዲግሪ ልዩነት እንዲኖር ቢፈለግ፣ ለ1,400 ዋት ባሕር ወለል ላይ በሰዓት 425 ሜትር ኩብ ገደማ አየር ይበቃል። 1,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው ኮምቦልቻ ግን አየሩ ከባሕር ወለል በ20 በመቶ ያህል ስለሚሳሳ፣ ለዚያው ሥራ 530 ሜትር ኩብ ያስፈልጋል። ሙቀት የሚሸከመው የአየሩ ክብደት እንጂ ፋኑ የሚያንቀሳቅሰው መጠን አይደለምና። የከፍታው ነገር የግምት ጨዋታ እንዳይመስልዎት፣ የኤስ19 ማሽኖች መመሪያ ራሱ ከ900 እስከ 2,000 ሜትር ባለው ከፍታ በየ300 ሜትሩ ማሽኑ የሚችለው ከፍተኛ የአካባቢ ሙቀት በ1 ዲግሪ እንደሚቀነስ ያዛል። በዚህ ስሌት 40 ዲግሪ ይችላል የተባለ ማሽን ኮምቦልቻ ላይ የሚችለው 37 ያህል ነው። ግንቦትና ሰኔ ላይ ውጭው 30 ዲግሪ በሚጠጋበት ቀትር፣ ኮርኒስ በሌለው ቆርቆሮ ሥር ያለች ክፍል ማሽኑ ሳይበራባትም ይህን ወሰን ታልፋለች። የቀትር በኋላው መቆም ምክንያቱ ይኸው ነው።

የማደርገውን ልንገርዎ። ማሽኑ ከጥላው በኩል ካለው ግድግዳ አጠገብ፣ ከመሬት ከፍ ብሎ በብሎኬት ወይም በብረት መደርደሪያ ላይ ይቀመጥ። አየር የሚስበው ጎኑ ወደዚያ ግድግዳ ይዙር፤ ግድግዳው ላይም ዝቅ ብሎ መግቢያ ይከፈት። አየሩ በሰከንድ 2 ሜትር ቢገባ፣ ለ530 ሜትር ኩብ 27 ሴንቲሜትር በ27 ሴንቲሜትር ባዶ ቀዳዳ ይበቃል፤ የወባ ወንፊትና የአቧራ ማጣሪያ ሲገባበት ግን ግማሹ ይዘጋልና ስፋቱን እጥፍ ያድርጉት። ሙቅ አየር ከሚወጣበት ጎን፣ ቆርቆሮ ሠሪ ከላሜራ በሚቆርጥልዎ መጋጠሚያ፣ ቢያንስ 15 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው አጭርና ቀጥ ያለ ቱቦ ተያይዞ በተቃራኒው ግድግዳ ከፍ ብሎ ወደ ውጭ ይውጣ። የሚተጣጠፈውና ሽብሽቡ ቱቦ ለመግጠም ቢቀልም፣ በእያንዳንዱ ጥምዝ ላይ የፋኑን ጉልበት ይበላል። መውጫው ላይ ለክረምቱ ዝናብ ወደ ታች የተቀለበሰ ክዳን ይደረግ። መውጫና መግቢያው በአንድ ግድግዳ ላይ ጎን ለጎን ከሆኑ ማሽኑ የተፋውን መልሶ ስለሚስብ፣ ይህን ሁሉ ደክመው ምንም አላደረጉም።

ቱቦው የሚሰጠው ጥቅም ከማንኛውም መሣሪያ ይበልጣል፤ ምክንያቱም ሙቀቱ ከክፍሉ አየር ጋር ሳይቀላቀል ስለሚወጣ፣ ክፍሉ ራሱ ከውጭው ብዙም አይሞቅም። ከላይ ደግሞ ኮርኒስ ይሥሩ፣ ወይም ቢያንስ በቆርቆሮውና በማሽኑ መካከል አየር የሚያልፍበት ሁለተኛ ሽፋን ይኑር። ማጣሪያውን በበጋው አቧራ ወቅት በየሳምንቱ ያራግፉ፤ የተዘጋ ማጣሪያ ፋኑን እስከ ሙሉ ፍጥነቱ ስለሚያስጮኸው፣ በማሽኑ ገጽ ላይ የፋኑ ፍጥነት ያለ ምክንያት ሲጨምር ካዩ መጀመሪያ የሚፈትሹት እሱን ነው። ሃሽቦርዱ ላይ የተጣበቀውን አቧራ በኮምፕሬሰር የሚያስነፉ ከሆነ፣ ከኮምፕሬሰሩ ውኃ እንዳይወጣና ፋኖቹ በአየሩ እንዳይሽከረከሩ ይያዙ፤ ሲሽከረከሩ ራሳቸው ኃይል አመንጭተው ቦርዱን ሊጎዱ ይችላሉ።

ኤሲ አይግዙ። የማሽኑን 1,400 ዋት ሙቀት ለማስወጣት ጥሩ ኤሲ እንኳን 450 ዋት ገደማ ተጨማሪ ኃይል ሌት ተቀን ይበላል፤ ይህ በቀን 11 ኪሎዋት ሰዓት የሚሆን፣ አንድም ሃሽ (የማሽኑ ስሌት) የማያመጣ ወጪ ነው። ኤሲ የተዘጋ ክፍል ይፈልጋል፤ ማሽኑ ደግሞ የተከፈተ መንገድ ይፈልጋል፤ ሁለቱን ማስታረቅ ለቤት አይሆንም። ውኃ እያተነነ የሚያቀዘቅዝ መሣሪያ ደግሞ እርጥበትና የውኃውን ጨው በቦርዱ ላይ ስለሚያኖር አልመክረውም።

ወደ ደሴው ጥያቄ ስንመጣ፣ መልሱ እንደሚመስለው ግልጽ አይደለም። የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴ ሲገቡ ከፍታው 2,500 ሜትር ገደማ ስለሚደርስ፣ ከፍታ ብቻውን የአየሩን ሙቀት ከኮምቦልቻ በ4 ዲግሪ ያህል ያወርደዋል። ነገር ግን አየሩ ከባሕር ወለል በሩብ ያህል ይሳሳል። በተመሳሳይ ፋን፣ ባሕር ወለል ላይ የ10 ዲግሪ ጭማሪ የሚያሳይ ማሽን ኮምቦልቻ ላይ 12.5፣ ደሴ ላይ 13.5 ያህል ያሳያል። ከ4 ዲግሪ ቅዝቃዜ አንዱን የሳሳው አየር ስለሚመልሰው፣ የሚያተርፉት 3 ዲግሪ ገደማ ነው። ይህን ያህል ትርፍ ኮምቦልቻ ላይ ቱቦ በመግጠም ብቻ ከነብዙ ብልጫው ያገኙታል። ከዚህም በላይ የአምራቹ መመሪያ የሚያበቃው 2,000 ሜትር ላይ ነው፤ ብዙ የኤሌክትሪክ ዕቃም የሚፈተሸው እስከዚያው ከፍታ ነው፣ የሳሳ አየር ኤሌክትሪክን የመለየት አቅሙም ደካማ ስለሆነ። ደሴ ላይ ማሽን አይሠራም ማለቴ አይደለም፤ ያለ አምራቹ ዋስትናና በተቀነሰ ኃይል መሥራት እንዳለበት ግን እምነቴ ነው።

ደሴ የራሷ ሌላ ፈተና አላት፦ ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ጉም። ማሽኑ እየሠራ ሳለ ከውጭው ስለሚሞቅ እርጥበት አይይዘውም። ሌሊት መብራት ጠፍቶ ከበረደ በኋላ ግን ጠዋት ጉሙ በመግቢያው ገብቶ የቀዘቀዘው ሃሽቦርድ ላይ ጤዛ ሊሆን ይችላል፤ በዚያ ላይ መብራት ሲመጣ ቦርዱ ይጎዳል። እናትዎ ቤት የግድ ከወሰዱት፣ ማሽኑ ሲጠፋ በራሱ ክብደት የሚዘጋ የላሜራ ክዳን በመውጫው ላይ ይሠራ፣ መግቢያውም ከውጭ ሳይሆን ከኮሪደር ወይም ከሌላ ደረቅ ክፍል ይሁን። በተረፈ ደሴ ላይ ሙቀቱ ራሱ ዋጋ አለው፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ብርድ 1,400 ዋት ሙቅ አየር ሳሎን ውስጥ መግባቱ ለእናትዎ እውነተኛ ጥቅም ነው። ድምፁ ግን 75 ዴሲቤል ገደማ ስለሆነ ከእሳቸው ጋር በአንድ ክፍል ማስቀመጥ አይታሰብም፤ ሙቀቱ በቱቦ ቢመጣ እንኳን ጩኸቱ አብሮ ይመጣል። የእናትዎ ቤት የቆየ የጭቃ ቤት ከሆነ ደግሞ፣ በእንጨቱ ላይ የተዘረጋው አሮጌ ሽቦ ከኮምቦልቻው የባሰ እንደሚሆን ስለምጠረጥር፣ ከላይ የጻፍኩት ሁሉ እዚያም መጀመሪያ መሟላት አለበት።

ከሁሉ የተሻለው ማቀዝቀዣ ግን የሚስበውን ኃይል መቀነስ ነው ብዬ አምናለሁ። የአንድ ቺፕ የኃይል ፍጆታ ከፍጥነቱ ጋር በቀጥታ፣ ከቮልቴጁ ጋር ደግሞ በስኩዌር ስለሚሄድ፣ ሁለቱን በጥቂቱ ማውረድ ኃይሉን በብዙ ያወርደዋል። ፍጥነቱ በ25 በመቶ፣ ቮልቴጁ በ10 በመቶ ቢቀነስ፣ ኃይሉ ወደ 61 በመቶ ይወርዳል፤ ማለትም 1,400 ዋት የነበረው ወደ 850 ይጠጋል፣ 13.5 ቴራሃሽ (በሰከንድ 13.5 ትሪሊዮን ስሌት) የነበረው ሥራ ግን 10 ገደማ ላይ ይቆያል። አምፔሩ ከ4 በታች ይሆናል፣ የሚያስፈልገው አየር በሰዓት ከ330 ሜትር ኩብ አይበልጥም፣ የፋኑ ጩኸትም ይረግባል። ለኤስ9 እንዲህ ያለውን ማስተካከያ በራሱ የሚሠራ ብሬንስ ኦኤስን የመሰለ ሶፍትዌር አለ። ሙሉ ፍጥነት ላይ እየተንገታገተ በቀን ሁለት ጊዜ ከሚቆም ማሽን፣ በሁለት ሦስተኛ ኃይል ሳያቋርጥ የሚሠራው ይሻላል።

ስለ ወጪው አጭር ቃል ልጨምር። ኤስ9 በሙሉ ኃይሉ በወር 1,000 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይበላል፤ ይህ ብቻውን ቤትዎን ከ500 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ወደሆነው የመጨረሻ የመኖሪያ ቤት ታሪፍ እርከን ያስገባዋል፣ ታሪፉም ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ደረጃ በደረጃ እያደገ ነው። በገቢ በኩል፣ ከሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የአንድ ብሎክ (በአማካይ በየ10 ደቂቃው የሚዘጋ የግብይት መዝገብ) ሽልማት 3.125 ቢትኮይን ነው፣ በቀን 450 ያህል ማለት ነው። የዓለም ኔትወርክ በሰከንድ 1,000 ኤክሳሃሽ (አንዱ ኤክሳሃሽ ሚሊዮን ቴራሃሽ ነው) ላይ ቢሰላ፣ የእርስዎ ኤስ9 ድርሻ በቀን 600 ሳቶሺ (የአንድ ቢትኮይን መቶ ሚሊዮንኛ) ገደማ ነው። የቆጣሪዎን የመጨረሻ ደረሰኝና የዕለቱን ዋጋ ይዘው ያስሉት። ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. በምናባዊ ገንዘብ መገበያየት ያልተፈቀደ መሆኑን በይፋ አስጠንቅቋል፤ የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደርም በዘርፉ የሚሠሩ እንዲመዘገቡ በዚያው ዓመት ጠይቋል። ለትልልቆቹ ድርጅቶች ከሰብስቴሽን በልዩ ውል የሚሸጠው ኃይልና የመኖሪያ ቤት ቆጣሪ አንድ እንዳልሆኑም ይወቁ፤ ከመቀጠልዎ በፊት አቋምዎን ከነዚህ አካላትና ከኤሌክትሪክ አገልግሎቱ ቢሮ ያጣሩ።

በመጨረሻ ስለ ኤስ19ጄ ፕሮው። ይህ ማሽን 100 ቴራሃሽ ገደማ የሚሰጠው 3,050 ዋት ገደማ በልቶ ነው፤ ለአንድ ቴራሃሽ 30 ጁል ማለት ሲሆን፣ ኤስ9 ግን ከግድግዳው ሲለካ 100 ጁል ያልፋል። ስለዚህ መጨመር ሳይሆን መተካት ነው የሚያዋጣው፤ ሁለቱ አብረው ቢሠሩ ደካማው የጠንካራውን ትርፍ ይበላል። ነገር ግን ኤስ19ጄ ፕሮ በ220 ቮልት 14 አምፔር ያህል ሳያቋርጥ ስለሚስብ፣ ለኤስ9 ያልነው ባለ 16 አምፔር ብሬከር አይበቃውም። ባለ 4 ስኩዌር ሚሊሜትር ሽቦና ባለ 25 አምፔር ብሬከር ያለው የራሱ መስመር ይፈልጋል። ፓወር ሰፕላዩ ሁለት መግቢያ ያለው ሁለት ገመድ እንዲሰካበት ስለሆነ፣ ሁለቱን ገመዶች በአንድ ማከፋፈያ ላይ መሰካት የተሠራበትን ምክንያት ማፍረስ ነው፤ ለየብቻቸው ሶኬት ይኑራቸው። ኮምቦልቻ ላይ በሰዓት 1,150 ሜትር ኩብ አየር ስለሚፈልግ፣ ቀዳዳውና ቱቦው ለኤስ9 ከሠሩት ከእጥፍ በላይ ይሆናል። ምጣዱ 3,500 ዋት ገደማ ከሆነ፣ ማሽኑና ምጣዱ አብረው ሲበሩ ከቆጣሪዎ 30 አምፔር ገደማ ይሳባል። እንግዲህ ለሻጩ ቃል ከመስጠትዎ በፊት ከቆጣሪዎ ቀጥሎ ያለው ዋና ብሬከር ስንት አምፔር እንደሆነ ያንብቡ፤ ከዚያም ኤሌክትሪሽያኑ በክላምፕ ሜትር (ሽቦውን አቅፎ አምፔር በሚለካ መሣሪያ) እንጀራ በሚጋገርበት ሰዓት የቤቱን ጠቅላላ ጭነት፣ በዚያው ቅጽበትም የሳጥኑን ቮልቴጅ ይለካ። 14 አምፔር ተጨምሮበት ከዋናው ብሬከር 80 በመቶ የሚያልፍ ከሆነ፣ ወይም ቮልቴጁ አሁን ባለው ጭነት ከ205 በታች ከወረደ፣ ያ ቤት በዚህ ቆጣሪና በዚህ መስመር ኤስ19ጄ ፕሮን በሙሉ ኃይሉ አይሸከምም፤ ወይ ማሽኑን ወደ 2,000 ዋት አካባቢ አውርደው ያሠሩታል፣ ወይም የቆጣሪ አቅም ማሳደጊያ ጠይቀው እስኪፈቀድ ድረስ ግዢውን ያቆዩታል።